አራተኛው ቀጠሮ

በሆስፒታላችን ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍልና ሚስቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ «ሲስተም» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። እሱ ምሳ በወጣበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ቀጥ ካለ ታካሚዎቹን «ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ» ይሏቸዋል። ታካሚው የማሽኑ ነገር መስሎት አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እነሱ የሚጠብቁት ግን አፉን እየጠረገ ደረጃውን የሚወጣውን ረጅም ሰውዬ ነው።

እኔ እዚህ ስቀጠር ዕድሜውን አይቼ በአንቱታ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን «አንቱታውን ተይውና ጋሼ በይኝ፣ ይበቃኛል» አለኝ። ስለዚህ ጋሼ እለዋለሁ። በሌለበት ግን እኔም እንደሌላው ሲስተም ነው የምለው፤ ምን ያስዋሸኛል።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ከካርቶን ማህደር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ፕሮግራሙን ብቻውን የጻፈው እሱ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ክፍል አለ። በአግባቡ ቢሆን ሥራው በር ላይ ቆሞ ጥያቄ መቀበልና ወደሚመለከተው ማስተላለፍ ብቻ ነው። የጋሼ ኮንትሮለር ግን በሩ ላይ ቆሞ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፣ ማን ይቅደም ማን ይከተል ብሎ ይፈርዳል፣ የታካሚው መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ይጽፋል፣ ተመልሶ ወጥቶ ደግሞ ለታካሚው የስልክ መልእክት ይልካል። ዘበኛውም ዳኛውም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውም ፖስተኛውም አንድ ሰው የሆነበትን መሥሪያ ቤት አስቡት። ፋይሉ ስድስት ሺህ መስመር ደርሶ ነበር። አንዷን መስመር ነክቼ ቀጠሮውን ላስተካክል ስትሉ ፋርማሲው ይቆማል።

ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ደውልልኝ» የሚል ማስታወሻ ከነስልክ ቁጥሩ ተጽፏል። ወረድ ሲሉ ደግሞ ሌላ አለ። አንድ ቀን ሥራ ሲቀልለኝ ቆጠርኩት። «ደውልልኝ» የሚለው ቃል አርባ አንድ ቦታ አለ፤ መስመሩ ለምን እንደተጻፈ የሚያስረዳ ቃል ግን አንድም የለም። ሰውም ደወለ። ቀብር ላይ ደወሉለት፣ ጥርሱን ሊያስነቅል አፉን ከፍቶ በተቀመጠበት ደወሉለት። ሴት ልጁ የምረቃ ጋዋኗን ለብሳ መድረክ ላይ ስትወጣ እሱ ከአዳራሹ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ የቱን ቁልፍ እንደሚጫን ያስረዳ ነበር። ሚስቱ ሁለቱን ስልኮቹን «ጣውንቶቼ» ነው የምትላቸው።

የዓይኑን ነገር መጀመሪያ ያወቅኩት ከፊደሉ ነው። ጠረጴዛዎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ክፍላችን ከልብስ ማጠቢያው በላይ ስለሆነ ወለሉ ሁልጊዜ ይሞቃል፣ መስኮቱም በእንፋሎት ይደበዝዛል። በየጊዜው እሱ ስክሪን ላይ ያለው ፊደል እየወፈረ ሄደ። ዓምና አሥራ አራት የነበረው መጠን ዘንድሮ ሠላሳ ስድስት ገባ። አንድ ጊዜ የሚታየው ዘጠኝ መስመር ብቻ ሆነ። ስድስት ሺህ መስመር በዘጠኝ በዘጠኝ ነው የሚያነበው ማለት ነው። ስጠይቀው «መስኮቱ ነው፣ እንፋሎቱ» ይለኛል። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዓይን ሐኪሟ እስከ ክፍላችን ድረስ ራሷ መጣች። ምራቋን የዋጠች፣ ለዘብ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

«ሦስት ጊዜ ቀጠርኩህ» አለችው። «ሦስቱንም ጊዜ ጠዋት ስገባ ስምህ ከዝርዝሬ ላይ የለም። ሲስተሙ ነው ብዬ ለአይቲ ክፍል ልጽፍ ስል የአይቲ ክፍሉ አንተ መሆንህ ትዝ አለኝ።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። በኋላ ነው የገባኝ። በፕሮግራሙ በኩል ሳይሆን በጓሮ ገብቶ ስሙን በገዛ እጁ ከዳታቤዙ ውስጥ ያጠፋው ነበር።

«ዶክተር፣ ማን ይተካኛል?» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ወር ስክሪን አትይ ብለሽኛል። አንድ ወር ማለት እኮ...»

«የዓይኑን ሞራ እኔ አወጣዋለሁ። ግፊቱ ግን እየጨመረ ነው፤ ነርቩ ከሞተ እኔም ሆንኩ ሌላ አይመልሰውም። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ይሄ አራተኛው ነው። አምስተኛ እንዲኖር አልፈልግም።»

«እመጣለሁ። ከቀረሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

«ከቀረህማ ሳትምልም ይሆናል» አለችውና ወጣች።

እኔ የማላየው መስዬ ዓይኔን ስክሪኔ ላይ ተክያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ የሰጠኝ ሥራ የሪፖርት ቀለም መቀየር ነበር። ያን ቀን አፍ አውጥቼ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ፋይሉን እንበትነው። በየደረጃው እንክፈለው። ተቀባዩ ይቀበል፣ ወሳኙ ይወስን፣ ጸሐፊው ይጻፍ። ያኔ አንተ ባትኖርም የተበላሸው የት እንደሆነ ይታወቃል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰኞ ደገምኩለት። ማክሰኞ ደግሞ «እኔ አላነበው፣ አንቺ አታውቂው፣ በምን እንበትነዋለን?» አለኝ። ይቺ ለእኔ እሺታ ነበረች።

«እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትናገራለህ» አልኩት።

እንዲህ ጀመርን። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ሲቀንስ፣ ጋሼ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ መስመር በመስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። እሱ ከሦስት ቃል አንዱን ይላል፦ በር፣ ደንብ ወይም ማህደር። በር ካለ ኮንትሮለሩ ውስጥ ይቀራል። ደንብ ካለ ወደ መሃለኛው ክፍል፣ ማህደር ካለ ዳታቤዙን ወደሚነካው ወደ ታችኛው ክፍል ቆርጬ እወስዳለሁ።

«የካርድ ቁጥሩን ተቀበል።»

«በር።»

«ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ወረፋውን አስቀድም።»

«ደንብ።»

«ቀጠሮውን ጻፍ፣ ሞልቶ ከሆነ ነገ አድርገው፣ ለታካሚውም መልእክት ላክ።»

«እሱን ሦስት ቦታ ቁረጪው። ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የጻፍኩት?»

ትዝታው ገረመኝ። የእያንዳንዱን መስመር ታሪክ ያውቃል። አንዷ መስመር መንትዮች የተወለዱ ቀን የተጻፈች ናት። እናታቸው አንድ፣ ደቂቃቸው አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ሕፃን «ተመዝግቧል» ብሎ አልቀበልም አለ። ጋሼ ማዋለጃ ክፍል ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ላፕቶፑን የመድኃኒት ጋሪ ላይ አስቀምጦ አስተካከለው። «አሁን አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሁለተኛው ኳስ ይጫወታል» አለኝ። እንዲህ እያለ ሲያወራ ገባኝ፤ ስድስት ሺው መስመር ለካ ክምር ብቻ አልነበረም። ለአሥራ አራት ዓመት በዚያ በር የገባ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጥሎበት የሄደ ነገር ነው። ሳልወድ በግድ ፋይሉን ወደድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት የደንቡን ክፍል ለእኔ ተወልኝ። «አዲስ ደንብ ካስፈለገ አንቺ ጻፊ» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ እሱ ራሱ አንድ ነገር ወሰነ። «ካሁን በኋላ በጓሮ ወደ ዳታቤዙ የሚገባ ሰው የለም። ሁሉም በደረጃው ያልፋል። ማንም ቢሆን፣ እኔም ብሆን።» ፓስወርዱን ማንም በቃሉ ሊይዘው በማይችል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ቀይሮ በወረቀት ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ለዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሰጣት። እሷ ካዝና ውስጥ ቆለፈችበት። ሲመለስ ትከሻው ቀለል ያለው ይመስል ነበር።

ከሁሉም መስመር አንዷን ብቻ አላስታወሳትም። «አንድ ታካሚ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ሁለተኛውን ዝም ብለህ ጣለው» ትላለች። ጋሼ ዓይኑን እንደጨፈነ ብዙ አሰበ።

«ማነው በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ የሚመዘገበው? አጥፊያት።»

አጠፋኋት።

ዓርብ ጨረስን። ሰኞ ጠዋት፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት፣ አዲሱን ከፈትነው። ፋርማሲው ሠራ፣ ላቦራቶሪው ሠራ፣ መልእክቱ ሄደ። ጋሼ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ከታች፣ ከመጠበቂያው አዳራሽ፣ የተራ ቁጥር የሚጠራው ድምፅ ማጉያ «ቁጥር ሃያ ሁለት» ሲል ማንም አልተነሳም። «ቁጥር ሃያ ሁለት» ደገመ። ሃያ ሦስት ሲል አንዲት ሴትዮ ተነሱ። ሃያ አራት ሲል እንደገና ማንም የለም። ሐኪሞቹ በራቸውን ከፍተው ያልመጣ ሰው ይጠብቃሉ፤ የመጣው ደግሞ ተራው እየራቀበት ያጉረመርማል። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ መደገፍ ጀመረ።

ጋሼ ደረጃው ላይ ቆሞ ይህን ሲያይ ቀልቡ ተገፈፈ። «አልኩሽ» አለኝ፣ «አልኩሽ አይደል?» ምንም አላለኝም ነበር። ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ ወጣ።

እኔ ወደ ኮዱ አልሄድኩም። ባዶ ቁጥር የሚመጣው ከአንደኛው መስኮት ብቻ መሆኑን አይቼ ወደዚያው ወረድኩና ከመዝጋቢዋ ጀርባ ቆምኩ። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፤ ሆስፒታሉ በካርቶን ሲሠራ ጀምሮ እዚያች መስኮት ላይ የተቀመጠች ናት። የታካሚውን ስም ጻፈች። «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው ደግማ ተጫነች። ሁለት ቁጥር ተሰጠ።

«እቴቴ፣ ለምንድነው ሁለቴ የምትጫኚው?»

«አንዴ ብቻ ከሆነ አይሰማም እኮ» አለችኝ ዞር ሳትል። «ከድሮም እንዲህ ነው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ይቻኮላል፣ እኔ ግን ጠባዩን አውቀዋለሁ።»

በመጀመሪያው ዓመት ማሽኑ ቀርፋፋ ነበርና አንዴ ሲነኩት እውነትም አይሰማም ነበር። እሷ ሁለቴ መጫን ለመደች። ጋሼም ያኔ እሷን «ተይ» ከማለት ያቺን የአሥር ሰከንድ መስመር ጻፈላት፤ ለእሷም ሳይነግራት፣ እሱም ረሳው። ማሽኑ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ። እቴቴ ግን አሁንም ሁለቴ ትጫናለች።

እዚያው በእሷ ጎን ተቀምጬ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። መስመሯን የት እንደምመልሳት አልጠፋኝም። ደንብ ናት፤ ቦታዋ መሃለኛው ክፍል ነው። ፋርማሲውን ሳላቆም፣ ላቦራቶሪውን ሳልነካ፣ ለማንም ሳልደውል መለስኳት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ባዶዎቹን ቁጥሮች ሰረዝኩ፤ ድምፅ ማጉያው ሠላሳ አንድን ሲጠራ ሠላሳ አንድ ተነሳ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ምሥራች ልነግረው።

ጋሼ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ቁልፍ ይጫናል። ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ፊደሉ ሠላሳ ስድስት ነውና ከበሩም ይነበባል። መጀመሪያ በጓሮ ሊገባ ሞክሮ የድሮው ፓስወርድ አልሠራለትም፤ አዲሱ ካዝና ውስጥ ነዋ። ከዚያ እንደማንኛውም ታካሚ በፊት በር ገብቶ የራሱን ካርድ ቁጥር ጽፎ «ቀጠሮ ሰርዝ» የሚለውን ነክቷል። ስክሪኑ እንዲህ ብሎ መለሰለት፦

«የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የሚሰረዘው በሐኪሙ ፈቃድ ብቻ ነው።»

ደግሞ ነካው። ደግሞ ያንኑ አለው።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

«እኔ።»

«መቼ?»

«በሁለተኛው ሳምንት። ደንብ ካስፈለገ ጻፊ አልከኝ፤ ዶክተሯን ጠየቅኳት፣ ያስፈልጋል አለች።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ደውልልኝ የሚል አልተጻፈበትም ነበር።»

ከታች የማጠቢያው ማሽን ሲዞር ይሰማል። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ወረፋውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ተስተካክሏል።»

«ማን አስተካከለው?»

«እኔ። አንተ ቀጠሮህን ስትሰርዝ።»

ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኖቹ የተነፈሱበት መስታወት መስለዋል። «ስሚኝ» አለኝ። «የመጀመሪያውን ጊዜ የሰረዝኩት እውነትም ሥራ ስለነበረ ነው። ሁለተኛውንም ይሁን። ሦስተኛው ቀን ግን ምንም አልተበላሸም ነበር። ፈርቼ ነው። ዓይኔን ነክተው ጭራሽ ብታወርስ ብዬ። ሥራ አለብኝ ስል ማንም አይጠይቀኝም፤ ሲስተም እኮ ነኝ።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «አሁንም የወረፋው ነገር ሰበብ ሆነኝ። ወርጄ ላስተካክል ሳይሆን ወጥቼ ልሰርዝ ሮጥኩ።»

አንጀቴን በላው። «ዶክተሯ ሁለተኛ ፎቅ ናት፤ ሄደህ ፈቃድ ጠይቃት» አልኩት።

«እሷን? ታስረኛለች።»

«እንግዲያው የቀረህ መሄድ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አዎ» አለ። «ሌላ መንገድ አልተዋችሁልኝም።» ይህን ሲል ግን ድምፁ የተሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ የተቀበሉት ሰው ድምፅ ነበር።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ደረስኩ። እሱ ገብቷል። ሚስቱ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሳመችኝና ሁለቱን ስልኮች ከነቻርጀራቸው አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ጣውንቶቼን ውሰጂልኝ» አለች። «ቤቴ እንዳይገቡ።»

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ወጣችና «ደህና ነው፤ ነርቩ ገና አልተነካም» አለች። ሚስቱ እኔን ትታ ግድግዳውን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ኮሪደሩ ላይ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ነርቩ አልተነካም የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ በልቤ ስደጋግመው ዋልኩ።

በዚያ ወር ስልኮቹ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጮኹ። አሥራ ስድስቱን በቃል መለስኩ። ሁለቱ የተሳሳተ ቁጥር ነበሩ። አንዷ እውነተኛ ብልሽት ነበረች፣ የክትባት ክፍል ቀን ተምታቶ፤ እሷም መሃለኛው ክፍል ውስጥ ተገኘች። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ በሚስቱ ስልክ ደወለልኝ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ሚስቱ በኋላ ስትነግረኝ ግን ስልኩን ዘግቶ ጋደም አለና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ተኛ። በቀን ሲተኛ አይታው ስለማታውቅ ሁለት ጊዜ ገብታ ትንፋሹን አዳምጣለች።

ሥራ የተመለሰው ሁለተኛውም ዓይኑ ተሠርቶ ካገገመ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አተኩሮ አየኝ።

«ለካ ሽበት አለሽ።»

«የዚህ ወር ነው» አልኩት።

ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሥራው ፊደሉን ከሠላሳ ስድስት ወደ አሥራ አራት ማውረድ ነበር። ከዚያ ኮንትሮለሩን ከፈተው። ስልሳ ሁለት መስመር ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ስክሪን ላይ አለቀ። ሸብለል ሊያደርግ ጣቱን አንቀሳቅሶ የሚሸበለል አጣ። «በአንዴ አይቼው አላውቅም» አለኝ። ቀጥሎ የደንቡን ክፍል ከፍቶ ቀስ ብሎ እያነበበ ወረደ። የአሥር ሰከንዷ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከላይዋ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ጽፌባት ነበር፦ «እቴቴ ሁለቴ ትጫናለች። ልማዷ ነው፤ ተዉላት።» ከልቡ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ። «እንባ ይፈቀዳል እንዴ?» አልኩት። ሐኪሟ አልከለከለችም አለኝ።

ወደ ኮንትሮለሩ ተመለሰ። ከአርባ አንዱ «ደውልልኝ» አርባውን እኔ አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያዋን፣ ከላይ ከነስልክ ቁጥሩ ያለችውን፣ ራሱ ያጥፋት ብዬ ትቻት ነበር። አየኝ፣ አየሁት። መስመሯን መርጦ ማጥፊያውን ተጫነ። ከዚያ ማሽኑ ያልሰማው ይመስል እንደ እቴቴ አንድ ጊዜ ደገመው።

መሳቢያዬን ከፍቼ ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። የቤቱን አንስቶ ኪሱ ከተተ። የሥራውን በጣቱ ወደ እኔ መለሰው።

«ልጄ ነገ ከሰዓት ልታየኝ ትመጣለች» አለኝ። «ከእሷ ጋር ነኝ፤ አትደውሉልኝ።»